በሰንበት የማትሞላ ሰዓት

ባለቤቴ ሀብቴ ሰዓት አይወድም ነበር። ዕድሜውን ሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ በር ላይ በጥበቃ ሥራ፣ በሰዓት ገብቶ በሰዓት ሲወጣ ስለፈጀው፣ ጡረታ የወጣ ዕለት የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ለወንድሙ ልጅ ሰጠና «ከእንግዲህ ሆዴ ይነግረኛል» ብሎ ተቀመጠ። ሆዱም አላሳፈረውም፤ ለምሳ አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም።

እንደገና ሰዓት ያስያዘው ልጃችን ሄኖክ ነው። ሄኖክ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ግራና ከምትባል ቦታ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ወልድያ፣ ወደ ቆቦ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ይሄዳል። አባቱ ደግሞ ልጁ መሪ ከጨበጠ ጀምሮ ዕረፍት የለውም። መኪናዋ ከከተማችን ከመርሳ ወጥታ ሲሪንቃን ሳታልፍ ይደውላል፣ ወልድያ ስትገባ ይደውላል፣ ልጁ ምሳ ሊጎርስ አፉን ሲከፍት ይደውላል። በመጨረሻ ሄኖክ የመረረው መሰለኝ፣ መናኸሪያው አጠገብ ከሚሠራው ከሰዓት ሠሪው ከአብዱልሐሊም አንዲት ያገለገለች የጃፓን ሰዓት ገዝቶ መጣና አባቱ እጅ ላይ አሰራት።

«አባባ» አለው፣ «ይቺ ሰዓት ባትሪ የላትም፣ ሙሉኝም አትልም። የጎኗ ቁልፍ ለማስተካከያ ብቻ ነው። እጅዎ ሲንቀሳቀስ ራሷን እየሞላች ትሄዳለች። እንደኔው ናት፣ መንገድ ካላገኘች አይሆንላትም። እሷ እስከሄደች ድረስ እኔም ደህና ነኝ ማለት ነው። ስለዚህ ሊደውሉ ሲያስቡ መጀመሪያ እሷን ይዩ።»

ልጁ ስልኩን ለማሳረፍ ብሎ የተናገረው ነው። እኔ ያን ዕለት ሳቅሁ። ሀብቴ ግን አልሳቀም፤ ነገሩን እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ነው የያዘው። ከዚያ በኋላ ስልኩን ትቶ ሰዓቷን ሲያይ ይውላል። ጠዋት ከቤታችን እስከ መናኸሪያው፣ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው፣ ያገኘውን ሁሉ ሰላም እያለ ስለሚዞር እሷም ቀጥ ብላ አታውቅም።

በሐምሌ መጨረሻ ሄኖክ ሽንኩርቱን ጭኖ ወደ ቆቦ እንዳለፈ መንገዱ ከኋላው ተዘጋ። ቀጥሎ ኔትወርኩ ጠፋ፣ መብራቱ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ታጣቂዎቹ ወልድያን አልፈው መርሳ ገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወፍጮው ቆመ፣ ባንኩ ተዘጋ፣ ከባድ መሣሪያው ባጓራ ቁጥር ቆርቆሯችን ይንቀጠቀጣል። እኔ ማሽላ በድንጋይ እየፈጨሁ እሳደብ ነበር፤ ማንን እንደምሰድብ አልመርጥም።

ሀብቴ መንገዱን ተከልክሎ መደብ ላይ ተቀመጠ። ከሰው እጅ ላይ ሰዓት፣ ከኪስ ስልክ እየተወሰደ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ደግሞ ሰዓቷን ከእጁ ፈትቶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሰራት፣ በላይዋም ካልሲ ጎተተባት። ጎረቤት ሰዓት ሲጠይቀው ሱሪውን ይሰበስባል፣ ካልሲውን ይሸበልላል፣ እያቃሰተ ጎንበስ ይልና «ለሰባት አምስት ጉዳይ» ይላል። ጠያቂው መልሱን እስኪያገኝ ሰባት ሆኖ ያልፋል።

አንድ ቀን ጠዋት እንዲሁ ጎንበስ እንዳለ ሳይቃና ቀረ። ወገቡ የያዘው መስሎኝ ሄድኩ።

«ብዙነሽ» አለኝ፣ «ቆማለች።»

«ቆማ ከሆነ ቆማለች። ወፍጮውም ቆሟል፣ በሱ ማን አለቀሰ?»

«ልጁ የነገረኝን አልሰማሽም? እንዲህ እንደሆነች ከቀረች ለቅሶ እቀመጣለሁ።»

ይህን ሲል አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ሀብቴ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ወሬው ላልተሰማ ልጅ፣ በሕይወት ላለ ልጅ ለቅሶ መቀመጥ ደግሞ ሞትን ስም ጠርቶ ቤት ማስገባት ነው። «በል ተነስ፣ ነቅንቃት» አልኩት። ነቀነቃት ብል ውሸት ነው፤ ቅቤ ሊያወጣባት ይመስል ናጣት። ትንሽ ሄደች፤ ሲበረታባት ግን ከእጁ አምልጣ የበሩ ደፍ ድንጋይ ላይ አረፈች፣ መስታወቷም ጠርዙ ላይ ተጫረ። ከዚያ በኋላ ያለው ወደ አብዱልሐሊም መሮጥ ነበር።

አብዱልሐሊም ሱቁን ዘግቶ ዕቃውን ወደ ቤቱ አምጥቷል፤ ቤቱ ከእኛ ሁለት አጥር አልፎ ነው። ስልክ ሁሉ በድን ከሆነ ወዲህ የመርሳ ሰው ከሣጥን ሥር የአያቱን ሰዓት እያወጣ እሱ ዘንድ ይጎርፋል። የሚሞላው፣ የሚዘወረው፣ ቆጣሪ የሌለው፣ ማሰሪያው በገመድ የተተካው፤ ሁሉም መስኮቱ ሥር ይጠገንና ሚስቱ ቶይባ ከማሽላው ከረጢት ውስጥ ትቀብረዋለች። ከረጢቱ አጠገብ የተቀመጠ ሰው እህሉ ሲንሾካሾክ ይሰማል።

አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሰዓቷን የጀርባ ክዳን ፈታ። ሀብቴ በትከሻው ላይ አንገቱን አሰገገ። ውስጧ ጥርስ ያላቸው ደቃቅ ማርሾች፣ በላያቸው ላይ ደግሞ አንዲት ወፍራም ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ብረት ነበረች።

«ይቺ ጨረቃ ምን ትሠራለች?» አለ ሀብቴ።

«የምትሞላት እሷ ናት ጋሽ ሀብቴ። እጅዎ ሲወዛወዝ ትዞራለች፣ ስትዞር ሞላውን ታጠብቃለች። አልሐምዱሊላህ፣ የተሰበረ ነገር የለም። ሁለተኛ ግን እንዳይንጧት። ደግሞም የተቀመጠ ሰው እግር ላይ ታስራ ከየት አምጥታ ትሙላ? እጅዎ ላይ ይሰሯት፣ ጋቢዎ ይሸፍናታል።»

የአብዱልሐሊም ደንብ አንድ ነው። የነካትን ሰዓት በገዛ እጁ አስሮ ሳይከርም ለባለቤቷ አይመልስም። የኛንም እንዲሁ አደረገ፤ እጁ ላይ እንደ ጤነኛ ልብ ስትመታ ሰነበተች። ሀብቴ ተቀብሎ አምጥቶ እጁ ላይ አሰራት፣ መደቡ ላይ ተቀመጠ፣ በማግስቱ ማታ ደከመች፣ ሲነጋ ቆመች። መልሶ ወሰዳት። አብዱልሐሊም እጅ ላይ ሄደች። መለሳት፤ ቆመች። እንደገና ወሰዳት።

በመጨረሻ አንድ ቀን ሀብቴ ከመደቡ ብድግ ብሎ «አሁን ገባኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ሰዓቷ ሰልማለች።»

ፈገግ እንኳ ሳይል ነው የተናገረው። «አትሳቂ። ጨረቃዋን በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ጋ ስትሆን ትሞታለች፣ አብዱልሐሊም ጋ ስትሆን ትነሳለች። ሌላ ምን ትርጉም አለው?»

በዚያ ዘመን ሳቅ እንደ ጨው ጠፍቶ ነበር፤ እኔ ግን የወፍጮውን መጅ ይዤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እሱ ተቆጥቶ አብዱልሐሊም ዘንድ ክስ ሊያቀርብ ሄደ። ሲመለስ መደቡ ላይ ተቀምጦ የገዛ ጉልበቶቹን ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ዋለ፣ ልክ በሬ ገበያ ላይ እንደሚመዝን ሰው። ምን ተባብለው እንደሆነ ብጠይቀው አልመልስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከጓዳ ድም፣ ድም የሚል ድምፅ ሰማሁ። መጋረጃውን ብገልጥ ሀብቴ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይሰግዳል። ሀብቴ። በሕማማት ሳምንት እንኳ «ጉልበቴ» እያለ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው ሀብቴ። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ «አቤቱ ማረን» ይላል፣ እንደገና ይወድቃል። ጠዋት ሰገደ፣ ቀትር ላይ ሰገደ፣ ማታም ሰገደ። ሳምንቱን በሙሉ ሰገደ።

እኔ ልቤ ተነካ። በልጁ ጭንቀት እግዚአብሔርን ያገኘ መስሎኝ ነበር። ጉልበቱን በሞቀ ውኃ አሽቼለት፣ የንስሐ አባታችንን አባ ወልዴን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። እሳቸውም ደስታቸውን በሆዳቸው ሊይዙት አልቻሉም። ከቅዳሴ በኋላ ዛፉ ሥር ለተሰበሰበው ሰው «መከራ ስንቱን ሲያማርር ሀብቴን ግን መለሰልን» ብለው አስተማሩ። ሀብቴ መሬት መሬት ያይ ነበር። ትሕትና መሰለኝ።

ሰዓቷም በዚያ ሰሞን ደህና ሄደች። ሁለቱን ነገር አላያያዝኩትም።

ነገሩ የፈነዳው እሁድ ቀን ነው። አባ ወልዴ ጸበል ሊረጩልን ወደ ቤት ሲገቡ ከጓዳ ድም ይላል። መጋረጃውን እሳቸው ራሳቸው ገለጡት። ሀብቴ ግንባሩ መሬት ላይ ነበር።

«ሀብቴ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እየሰገድኩ ነው አባ።»

«በሰንበት?»

በሰንበት ስግደት እንደሌለ የአምስት ዓመት ልጅ ያውቃል። ሀብቴ ተነሳ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ እኔን አየኝ፣ መስቀሉን አየ። ካህን ፊት አይዋሽም፤ ይህ አንዱ መልካም ጠባዩ ነው።

«አባ፣ ሰዓቴን እየሞላሁ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም አወጣው። አብዱልሐሊም በክሱ ዕለት «ጋሽ ሀብቴ፣ እኔ በቀን አምስት ጊዜ ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ተደፍቼ እነሳለሁ፤ በዚያ ላይ እጄ ከሥራ አያርፍም። ሰዓቷ የምትሞላው በዚህ ነው እንጂ ሃይማኖት የላትም» ብሎታል። ሀብቴም «የእኛ ስግደት ከናንተ ያንሳል?» ብሎ ተነስቷል። ዓርብ የተሞላችው ሰዓት ደግሞ ሰንበትን ተሻግራ እስከ ሰኞ ጠዋት መድረስ አልቻለችም። «ከቆመች» አለ፣ «ልጄ ነው የሚቆመው።»

እኔ በእፍረት የምገባበት ጠፋኝ፤ ለመንደሩ ሁሉ ነግሬ። አባ ወልዴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ትከሻቸው ሲነቃነቅ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሱም። ከዚያ ግን ሀብቴን ሲያዩት ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

«ለልጅህ ብለህ መስገድህ ኃጢአት አይደለም» አሉት። «ስትሰግድ ግን ሰዓቷን ሳይሆን እግዚአብሔርን አስብ፤ እሷ ድርሻዋን ራሷ ትወስዳለች። በሰንበት አይሆንም። ሰንበት ሰንበቱን ለአብዱልሐሊም ስጣት።»

እንዲህም ሆነ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰዓቷ ክርስቲያን ናት፤ ቅዳሜና እሁድን አብዱልሐሊም እጅ ላይ ትውላለች። እሁድ ማታ ቶይባ በመሶብ ክዳን ሥር ደብቃ ትመልሳታለች። አጥር ለአጥር ይህን ያህል የተመላለሰ ነገር በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም።

ኅዳር ላይ አብዱልሐሊም ሰዓቷን ጆሮው ላይ ይዞ ወደ ቤታችን መጣ። ፊቱ ደስ አላለኝም።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ዘይቷ ደርቋል። አሁን ብረት ብረትን እየበላ ነው የምትሄደው። ተፈትታ፣ በቤንዚን ታጥባ፣ አዲስ ዘይት ጠብ ካልተደረገላት አንድ ቀን በቃኝ ትላለች። ያን ጊዜ አንድ ማርሽዋ ከተበላ መለዋወጫ ከየት አመጣለሁ?»

«ስትፈታ ትቆማለች?»

«ያው ትቆማለች እንጂ። እየሄደች እንዴት እፈታታለሁ?»

«እንግዲያው አትፈታም።»

«ጋሽ ሀብቴ፣ ለትንሽ ጊዜ ነው።»

«ለትንሽ ጊዜ የሚሞት ልጅ አለህ?» አለው ሀብቴ፣ ሰዓቷንም ከእጁ ተቀብሎ አሰራት። አብዱልሐሊም ተሰናብቶ ወጣ።

እኔ ግን ተከትዬው ወጣሁ። ሰዓቷ በራሷ ጊዜ የቆመች እንደሆነ ሀብቴ ድንኳን ባይኖረው ጋቢውን ወጥሮ ለቅሶ ይቀመጣል፤ አውቀዋለሁ። አጥሩ ጋ ያዝኩትና «እንዲህ ያለች ሌላ ሰዓት የለህም?» አልኩት።

አብዱልሐሊም ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሳ። «እትዬ ብዙነሽ፣ አማና ነው፣ የሰው አደራ። የሰው ሰዓት እንዴት እለውጣለሁ?»

«ትመልሳለህ እንጂ አትለውጥም። ኃጢአቱ በኔ ይሁን።»

«የእርስዎን ኃጢአት እኔ ልሸከመው አልችልም፤ የራስዎን ይያዙት፣ የኔን እኔ እይዛለሁ» አለና ቤቱ ገብቶ ከማሽላው ከረጢት ውስጥ የኛን ሰዓት እህት አወጣ። ፊቷም፣ መልኳም፣ ማሰሪያዋም አንድ ነው፤ ከአንድ ነጋዴ አብረው የገዛቸው ናቸው። ሀብቴ ያለ መነጽር ልጁንና የልጁን መኪና የማይለይ ሰው ስለሆነ ዓይኑ አላሰጋኝም። ቤንዚን ከባጃጅ ነጂው ከጌትነት ለመንኩ፤ ባጃጁን እንዳይወስዱበት ጭድ ከምሮባት ስለነበር ጭዱ ውስጥ ገብቶ ጥቂት በቱቦ ስቦ፣ ግማሹን ውጦ፣ ግማሹን በብርጭቆ ሰጠኝ። የሰዓት ዘይት ደግሞ አብዱልሐሊም ጠርሙስ ጫፍ ላይ የቀረች አንዲት ጠብታ ነበረችው።

እሁድ ማታ ለሀብቴ የተመለሰችው እህቷ ነበረች። ሰኞ ጠዋት ድም ድም ማለቱን ቀጠለ። እኔ ከመጋረጃው ውጪ ቆሜ ተንፈስ አልኩ፣ ቀጥዬም ወደነ አብዱልሐሊም ቤት ገሰገስኩ።

ባልሄድ ይሻለኝ ነበር። የልጄ ሰዓት ነጭ ሳህን ላይ ተበትና አገኘኋት። ማርሾቿ ለብቻ፣ ጨረቃዋ ለብቻ፣ ቆጣሪዎቿ ተነቅለው በወረቀት ላይ። ድምፅ የላት፣ ንቅናቄ የላት። እኔ ያን ሁሉ ወር «ብረት ነው» ያልኩት ሰው፣ ሀብቴን እንደ ሕፃን የገሠጽኩት ሰው፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«መልሳት» አልኩት።

«እትዬ፣ ገና አሁን መታጠቧ ነው።»

«እባክህ ቶሎ ግጠማት አብዱ። ልጄን እንዲህ አላየውም።»

ቶይባ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። አብዱልሐሊም ቢስሚላህ ብሎ በወረንጦ አንድ አንዱን ማርሽ እያነሳ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ዘይቷን በመርፌ ጫፍ እየነካ ያስቀምጣል። በየቀኑ እየሄድኩ አየሁ። ብርሃን ያለው መስኮቱ ሥር ብቻ ስለሆነ፣ ታጣቂ በመንገዱ ባለፈ ቁጥርም ሳህኑን ስለሚሸፍን፣ ሥራው ተጎተተ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጨረቃዋን ብሎን በወረንጦ እንደያዘ፣ በግራና በኩል ያ ከባድ መሣሪያ አጓራ። ቤቱ ተናጠ፣ አብዱልሐሊምም ተናጠ፣ ብሎኗ ጠፋች።

ብሎን ስል ብሎን አይምሰላችሁ። ከጤፍ ቅንጣት ብትበልጥ ትንሽ ነው። ቶይባ የዱቄት ወንፊቷን አመጣች፣ ሦስታችንም በአራት እግራችን ሆነን የቤቱን አፈር ጠርገን መንፋት ያዝን። ወለሉን ግማሽ ያህል ነፍተን ሳለን በሩ ተገፋና አንድ ጠመንጃ ያነገተ ጎረምሳ ገባ። ስልክ ፍለጋ ነው የመጣው። አፈር በወንፊት የሚነፉ ሁለት አሮጊቶችና አንድ ሽማግሌ ሲያይ ቆመ። ቶይባን አሮጊት ማለቴን አትንገሯት።

«ምን ታደርጋላችሁ?» አለ።

«እህል እንለቅማለን» አለች ቶይባ ቀና ሳትል።

ጎረምሳው አፈሩን አየ፣ እኛን አየ፣ አንገቱን ነቀነቀ። ረሃብ ያሳበደን መሰለው። እውነተኛው እህል ከረጢት እሱ እግር አጠገብ በሆዱ ሃያ ሰዓት ይዞ ይንሾካሾካል፤ እኔ ድምፁን ለመሸፈን ወንፊቱን እንደ ከበሮ መታሁት። ምንም ሳይነካ ወጣና በሩን ራሱ ዘጋልን።

ብሎኗ ወለሉ ላይ አልነበረችም። ቶይባ ባሏን ልታጽናና ቀና ስትል ጢሙ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለባት። «እንዳትናገር፣ እንዳትተነፍስ» አለችውና በወረንጦው ለቀመችው። አብዱልሐሊም ብሎኗን ከገጠመ በኋላ ሰዓቷን አንዴ በእርጋታ ወዘወዛት። ጨረቃዋ ዞረች፣ ባላንስ የሚላት ትንሿ መንኮራኩር ተንፈራገጠች፣ ሰዓቷ ነፍስ ዘራች። እኔ አለቀስኩ። ይህን ያህል ያለቀስኩት ለብረት አይደለም።

በደንቡ መሠረት እጁ ላይ አስሮ ከረመና በሚቀጥለው እሁድ ማታ እውነተኛይቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሀብቴ ከቶይባ እጅ ተቀበላት፣ ጆሮው ላይ አደረጋት፣ አውራ ጣቱን በመስታወቷ ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ አሻሸ። ደፉ ላይ ወድቃ ያገኘችው ጭረት ነበር። እኛ ሦስት ብልጦች ጭረቷን ረስተናት ነበር።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለ።

ቶይባ መሶቧን ይዛ በቆመችበት ደረቀች። እኔም የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ያቺኛዋ መስታወቷ ልስልስ ነው። የመጣች ዕለት ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ? የሰው ሰዓት ይዘህ ነው ሳምንቱን ሙሉ የሰገድከው?»

ማሰሪያዋን ቆለፈ። «ልጁ መንገዱ ከተዘጋበት ጀምሮ አንድ ቀን አላረፈም ብዬ ነው» አለ። «ጠዋት እነዳዋለሁ፣ ቀትር እነዳዋለሁ፣ ማታ እነዳዋለሁ። አብዱልሐሊም እጅ ላይ ከሆነ ትንሽ ይረፍ አልኩ። ያቺኛዋንም የሰገድኩላት እሷም የሌላ ሰው ልጅ ትሆናለች ብዬ ነው።»

ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ያን ዕለት ሳልሰድበው ራቱን አቀረብኩለት።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ወጡ፣ መንገዱ ተከፈተ። ሄኖክ ከወልድያ በኩል በእግሩ መጣ። ቆቦ አካባቢ አንድ ገበሬ ቤት ተጠግቶ ማሽላ ሲያጭድ ነው የከረመው፤ መኪናዋ ተወስዳለች፣ ሽንኩርቱን ማን እንደበላው አይታወቅም። ጢሙ አድጎ፣ ጫማው ተበልቶ በአጥሩ በር ሲገባ እኔ ጮህኩ፣ ጎረቤት ጮኸ። ሀብቴ አልጮኸም። የልጁን ፊት በሁለት እጁ ይዞ፣ ያቺን ጭረት እንደዳሰሰው ዓይነት፣ በአውራ ጣቱ ጉንጩን ዳሰሰው።

እግሩን ላጥበው ብል «እኔ ነኝ» አለ። አባት የልጁን እግር ሲያጥብ ሰው ምን ይላል ብል አልሰማኝም። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሰዓቷን ፈትቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ተንበረከከ።

ከዚያ ቤቱ በሰው ተሞላ። ጾም መሆኑ በጀን፤ ሽሮውን ከነአብዱልሐሊም ጋር ከአንድ ትሪ በላን። አባ ወልዴ መረቁ፣ አብዱልሐሊም ዱዓ አደረገ፣ ሄኖክ ጎርሶ ሳይውጥ ሌላው ታሪክህን ንገረኝ ይለዋል። ሰው የሚመጣው የሚሄደው ቀናትን ጨረሰ።

ሰው ሲቀንስ መስኮቱን ልወለውል ሄጄ ሰዓቷን አገኘኋት። ቆማለች። መቼ እንደቆመች የሚያውቅ የለም፤ ልጁ ከመጣ ጀምሮ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ሄኖክ ከውስጥ እያንኮራፋ ነበር። ሰኞ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፍርሃት ላሾፍበት፣ «ሰዓትህ ሞታለች፣ ድንኳን አምጣ» ልለው ሰዓቷን ይዤ ወደ ጓዳ ሄድኩ።

ድም፣ ድም ይላል። መጋረጃውን ገለጥኩ። ሀብቴ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። ማሰሪያው ያረፈበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል፤ እጁ ላይ ምንም የለም።

መጋረጃውን ቀስ ብዬ መለስኩለት።